ብሩስ ማነው?

ልጆቼ፣

ዕድሜዬን የጨረስኩት ሬዲዮ ጣቢያ ውስጥ የውጭ ዘፈን ሳቀርብ ነው። ሰሞኑን የዘፈን ግጥም ስትተነትኑ አየሁና የራሴ ጉድ ትዝ አለኝ።

ኤሌክትሪክ ላይት ኦርኬስትራን ታውቁት ይሆናል። በ1970 (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) በእንግሊዟ በርሚንግሃም የተቋቋመ ባንድ ነው። በጊታርና በከበሮው ላይ ቫዮሊንና ቼሎ ጨምረው ሮክን እንደ ሲምፎኒ ይጫወቱት ነበር።

በ1979 ያወጡት «ዶንት ብሪንግ ሚ ዳውን» የሚል ዘፈን አላቸው። አዝማቹ ላይ የባንዱ መሪ ዘፋኝ ጄፍ ሊን አንዲት ቃል ይጮሃል። እኔ «ብሩስ» ብዬ ሰማኋት። እናም በቀጥታ ስርጭት ማይኩን ጠጋ ብዬ፣ ብሩስ ዘፋኙን የከዳው የልብ ጓደኛው ነው ስል አስረዳሁ። ከየት አመጣኸው አትሉኝም? ከራሴ። ድምፄንም ሐዘን ቢጤ ጨመርኩበት!

ከስንት ዓመት በኋላ ነው ቃሉ «ግሩስ» መሆኑን ያነበብኩት። ሊን ክፍት ቦታ ለመሙላት ብቻ ከአፉ ያወጣው ድምፅ ነው። የሚቀዱት ሙኒክ ነበርና ጀርመናዊው የድምፅ ባለሙያ «ይሄ እኮ በእኛ ቋንቋ ሰላምታ ነው» ቢለው፣ ደስ ብሎት እንዳለ ተወው። ሰው ሁሉ ብሩስ ብሎ ሲሰማው ጊዜ፣ እሱም መድረክ ላይ ብሩስ እያለ ይዘፍነው ጀመር። የእኔ ከሃዲ ጓደኛ እንዲህ ሆኖ ቀረ።

ግማሹ ጥፋት የአስተዳደጋችን ይመስለኛል። ሰምና ወርቅ ስንሰማ አድገን ወርቅ የሌለበት ነገር ያለ አይመስለንም። በደርግ ጊዜ የፍቅር ዘፈን ውስጥ ፖለቲካ የሚፈልገው ሳንሱሩ ብቻ አልነበረም፤ እኛ አድማጮቹም ነበርን። ግን የቅኔ ተማሪ እንኳ መጀመሪያ ግሱን ያጠናል። እኔ ቃሏን በቅጡ ሳልሰማ ወርቁን አወጣሁ።

ፈረንጆቹም ከእኛ አይሻሉም። በ1974 የወጣው «ኤልዶራዶ» የተሰኘ አልበማቸው ወደኋላ ሲጫወት የሰይጣን መልእክት አለው ተብሎ ተወራባቸው። «ፋየር ኦን ሃይ» በተባለ ሌላ ሥራቸው ላይ ግን የምር የተገለበጠ ንግግር አለ። የከበሮ መቺው የቤቭ ቤቫን ድምፅ ነው። ገልብጦ የሰማ ሰው የሚያገኘው ሙዚቃው ወደኋላ እንደሚዞር፣ ጊዜ ግን እንደማይዞር የሚናገር ቃል ነው። በ1983 ጭራሽ ለአልበማቸው «ሚስጥራዊ መልእክቶች» የሚል ስም አወጡለት። ቀልደኞች ናቸው።

ስለዚህ አንድ ዘፈን ሲገርማችሁ መጀመሪያ የት እንደተጻፈ ጠይቁ። «ሚስተር ብሉ ስካይ» (አቶ ሰማያዊ ሰማይ) በሚለው ዘፈናቸው ላይ ስንት ፍልስፍና ሰምቻለሁ መሰላችሁ። ሊን ስዊዘርላንድ ተራራ ላይ ቤት ተከራይቶ ሁለት ሳምንት ጉም ለጉም ተቀመጠ፤ አንዲት ዘፈን አልወጣው አለ። አንድ ቀን ፀሐይ ወጣች። ጻፈው። በቃ።

መጨረሻው ላይ በማሽን የተለወጠ ድምፅ አንድ ነገር ይላል። እኔ ለዓመታት የዘፈኑን ርዕስ የሚደግም ይመስለኝ ነበር። አንድ ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ ጆሮዬን ድምፅ ማጉያው ላይ ለጠፍኩ። «እባካችሁ ገልብጡኝ» ነው የሚለው። አልበሙ ሁለት ሸክላ ነው፣ ዘፈኑ ደግሞ የሦስተኛው ገጽ መጨረሻ። መርፌው መሃል ደርሶ ይንቋቋል።

ተነሥቼ ገለበጥኩት።