የአንባቢ ጥያቄና መልስ፦ አራት ወር እቃው ላይ የቆመ ድር

ጥያቄ፦

ሰላም እትዬ እንዴት ነዎት፣ መፅሄቱን ሁሌ አነባለሁ ግን ለመፃፍ ፈርቼ ነው የቆየሁት። ባህር ዳር ነው የምኖረው፣ 34 አመቴ ነው፣ ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፣ ትልቁ 9 አመቱ ነው፣ ትንሿ ገና 3 አመቷ። ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ትንሽዬ የሀበሻ ልብስ ሱቅ አለችኝ፣ ሸማውን ከሸማኔ ተቀብዬ አስጠልፌ አሰፍቼ እሸጣለሁ። እንጀራዬ እሷ ናት።

ልቤ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። የዛሬ አምስት አመት ጎረቤታችን ያሉ አንድ ሽማግሌ ሸማኔ ለምኜ ለምኜ ሽመና አስተማሩኝ፣ ሰፈሩ ያኔ ጉድ ነው ያለው፣ ሴት ልጅ ትፈትላለች እንጂ የሸማኔ ጉድጓድ ገብታ መወርወሪያ ስትወረውር የት ታይቶ ምናምን። አሁን ጓሮ ያለችው ክፍል ውስጥ የራሴ የሸማኔ እቃ አለኝ። የምሰራው ልብስ አይደለም፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነገር ነው፣ በእጅ የተፈተለ ጥጥ ውስጥ ደንገል (ያ የጣና ታንኳ የሚሰራበት ተክል) እያስገባሁ፣ ክሩንም በዘጌ ቡናና በሽንኩርት ልጣጭ ራሴ እየነከርኩ። አሁን የያዝኩት ጣናን በጠዋት ነው፣ ውሃው ላይ ጭጋግ፣ አንዲት ታንኳ፣ በቃ። ድሩን ያደራሁት ጥቅምት ላይ ነው፣ ይኸው የካቲት ገባ፣ አንድ ክንድ እንኳ አልሞላም።

ምክንያቱ ጥር ነዋ። የሰርጉን ብዛት ያውቁታል፣ ሱቅ ውስጥ ነው ያደርኩት ማለት ይቻላል። አንዷ የ12 ሚዜ ቀሚስ አዛ ጨርቁ ከተቆረጠ በኋላ ስድስቱን ተውኩት አለችኝ፣ ቀብድ አልተቀበልኳትም ምክንያቱም የዘመድ ዘመድ ናት። ቤት ስገባ ራት አለ፣ የትልቁ የቤት ስራ አለ፣ እቃው ጋ የምቀመጠው ማታ ከ4 ሰአት በኋላ ነው፣ እሱም መብራት ካለ። ባለቤቴ አስተማሪ ነው፣ ጥሩ ሰው ነው አልዋሽም፣ ግን «ከዛ ነገር እስካሁን ምን ተገኘ?» ይለኛል። አማቴ አብረውን ነው የሚኖሩት፣ እሳቸው አይናገሩም፣ ዝም ብለው ነው የሚያዩኝ፣ እሱ ይብሳል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ትንሿ መቀስ አግኝታ ከድሩ አንድ ጭብጥ የሚሆን ቆርጣ ጠበቀችኝ፣ ጮህኩባት፣ ከዛ እሷም አለቀሰች እኔም አለቀስኩ።

አንድ ጊዜ እንግዳ ሰው ሱቅ ገብቶ ከሽመናዬ የሰቀልኳትን አንዷን አይቶ ስንት ነው ሲለኝ አፌ ተያያዘና የክሩን ዋጋ ነገርኩት። እየሳቀ ከፍሎ ይዟት ሄደ።

ሱቁን ዘግቼ ሙሉ ለሙሉ እዚህ ላይ ልግባ? ወይስ እቃውን ነቅዬ ልገላገል?

(ድሬ የቆመብኝ፣ ከባህር ዳር)

መልስ፦

እህቴ፣ ሱቁን አትዝጊ። ጥጡን የሚገዛልሽ ሱቁ ነው፣ ሱቁ ከተዘጋ የዛን ቀን ጀምሮ ጣናን በጠዋት ሳይሆን ቱሪስት ይገዛዋል ብለሽ የምታስቢውን ነገር ነው የምትሸምኚው፣ ያኔ ደግሞ ልብሽ እዛም አይኖርም። እቃውንም አትንቀዪ። የተቆረጠውን ድር አንድ በአንድ ቀጥዪው፣ ያስተማሩሽ ሽማግሌ ቋጠሮውን ያውቁታል፣ ግማሽ ቀን ቢፈጅ ነው።

አሁን ስለ እናቴ ላውራሽ፣ ከጉዳዩ አልወጣሁም ታገሺኝ። እናቴ የባህር ዳር ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ሰራተኛ ነበረች፣ ያ በ1950ዎቹ ከጣልያን በመጣ የጦር ካሳ የተሰራው፣ ግማሹን ከተማ ያሳደገው ፋብሪካ። በሺፍት ነው የምትሰራው፣ አንድ ሳምንት ቀን አንድ ሳምንት ሌሊት፣ እኛ አምስት ልጆች ነን፣ እና ያቺ ሴት ቤታችን ውስጥ ዳንቴል ያላለበሰችው ነገር አልነበረም፣ ሶፋው ዳንቴል፣ ቲቪው ዳንቴል፣ ሬዲዮው ሳይቀር። መቼ ትሰራዋለች ብለሽ ብትጠይቂኝ ሰርቪስ ስትጠብቅ፣ ሽሮው እስኪንተከተክ፣ ለቅሶ ቤት ሁሉ (እሱን አያቴ አትወድላትም ነበር)። ዳንቴል ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ልጅ ሲጠራሽ ኪሮሹን ሰክተሽ ትነሻለሽ፣ ስትመለሺ ካቆምሽበት ትቀጥያለሽ። ያንቺ ስራ ግን እንደዛ አይደለም፣ ችግርሽም እዚህ ጋ ይመስለኛል። ሽመናን እንደ ዳንቴል በተረፈ ሰአት ልትሰሪው እየሞከርሽ ነው።

እስቲ ስራሽን በታትነሽ እይው። መፍተል አለ፣ ማጠንጠን አለ፣ ማግ በቀሰም (መወርወሪያው ውስጥ በምትገባው ዘንግ) ላይ መጠቅለል አለ፣ ክር መንከር አለ፣ መጨረሻ ላይ ጫፉን መቋጨት አለ። እነዚህ ሁሉ ልጅ ያቋርጣቸዋል፣ ምንም አይሆኑም። እንዝርት ቡና እየተፈላ ይሾራል፣ የሽንኩርት ልጣጩ ወጡ ጎን ሌላ ምድጃ ላይ ይንፈቀፈቃል፣ ቀሰም ሱቅ ውስጥ ደንበኛ እስኪመጣ መጠቅለል ይቻላል። ድር ማድራትና ጥለት መቁጠር ግን አይቋረጡም። 37 ላይ ደርሰሽ «እማዬ ውሃ» ከተባልሽ እንደገና ከአንድ ነው። ማታ 4 ሰአት ደክሞሽ የቆጠርሽውን ጠዋት ትፈቺዋለሽ፣ ይሄ አራት ወር አንድ ክንድ ያልሞላው ስላልሰራሽ አይደለም፣ እኔ እንደምገምተው የሰራሽውን ስለፈታሽ ነው። የማታውን ሰአት ለሚቋረጠው ስጪው፣ ጉድጓዱ ውስጥ ማታ አትግቢ በቃ።

ታዲያ ለማይቋረጠው ጊዜ ከየት ይምጣ ትይኛለሽ። ካላንደሩን አውጪው። ያንቺ ሱቅ አመቱን ሙሉ እኩል አይሰራም፣ ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ ለእንቁጣጣሽ ሩጫ ነው፣ ሴት ልጅ ያለው ሁሉ ለአበባየሆሽ ቀሚስ ይፈልጋል፣ መስቀል እስኪያልፍ ቀና አትይም፣ ከዛ ገናና ጥምቀት፣ ከዛ የጥር ሰርግ፣ ከዛ ደግሞ ለፋሲካና ከፋሲካ በኋላ ላለው ሰርግ። በመሀል ምን አለ? ሁዳዴ አለ! 55 ቀን፣ ሰርግ የለም፣ ድግስ የለም፣ የፋሲካው ትእዛዝ የሚጋጋለው መጨረሻዎቹ ሳምንታት ላይ ነው። ጥቅምት ላይ ድር አድርተሽ ህዳርን ትንሽ ሞካክረሽ ታህሳስና ጥር ላይ መግባት ማለት ጎርፍ ሲመጣ ወንዝ መሀል መቆም ነው። አሁን ፆሙ ደጅ ላይ ነው፣ ጣናሽን አሁን ጨርሺው። ለሚቀጥለው አመት ደግሞ ስእሉን የምታስቢበት፣ ክር የምታስፈትይበት፣ የምትነክሪበት ጊዜ ሌላው ወር ይሁንና ድሩ ሁዳዴ ሲገባ እቃው ላይ ይውጣ።

በሳምንት ሁለት ጠዋት ውሰጂ፣ ማክሰኞና ሐሙስ በይው። ትልቁ ትምህርት ቤት ነው፣ ሱቁን 5 ሰአት ላይ ክፈቺው፣ ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰአት ላይ የሀበሻ ቀሚስ ካልገዛሁ ብሎ በር የሚደበድብ ሰው አላየሁም፣ ያንቺ ገበያ ቅዳሜ ነው። በሩ ላይ ፅፈሽ ለጥፊ፣ ቴሌግራምሽም ላይ። ለማንም «ስራ ላይ ነኝ» በይ እንጂ «ትንሽ ነገር እየሞካከርኩ ነው» አትበይ።

የ12 ሚዜዋን ነገር ሳነብ አንቺን ነው የተቆጣሁት። የዘመድ ዘመድ ማለት እኮ ቀብድ መጀመሪያ የሚከፍል ሰው ማለት ነው፣ ምክንያቱም ባዳን ፍርድ ቤት ታቆሚዋለሽ ዘመድን ታቆሚያለሽ እንዴ? ግማሹ በቴሌብር ሳይገባ መቀስ አይነሳ፣ ይሄ ህግ ላንቺ ሳይሆን ለሁሉም ነው፣ እናትሽም ቢሆኑ። ለጥር ሰርግ ታህሳስ አጋማሽ ላይ ትእዛዝ ዝጊ፣ ከዛ በኋላ የመጣን ሰው ሌላ ሱቅ ጠቁሚው፣ ይቅርታ ስላልሽው ያንቺን ሱቅ ትቶ አይቀርም፣ የሞላ ሱቅ ሰው ይወዳል።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ሸማኔሽን በቀን ስንት ነው የምትከፍይው? አንቺ ከሱ አታንሺም። እቃው ላይ የተቀመጥሽበትን ቀን ቁጠሪ፣ የሸማኔውን የቀን ሂሳብ አባዢው፣ ፈትሉን፣ ማቅለሚያውን፣ ደንገሉን ጨምሪ፣ የተገኘው ቁጥር ላብሽን የመለሰልሽ ብቻ ነው፣ ዲዛይኑ ገና አልተከፈለም፣ እሱን ከዛ በላይ አስቀምጪ። ቁጥሩን በወረቀት ፅፈሽ ከጀርባው ስፊው። ስንት ነው ሲሉሽ ገልብጠሽ ታነቢላቸዋለሽ፣ አፍሽ አይያያዝም።

ስለ እቃውም አንድ ሁለት ነገር ልበል፣ ስራውን በቅርብ ስላየሁት ነው። ደንገሉን በደንብ ሳታደርቂ እንዳታስገቢው፣ ታንኳ ሰሪዎቹ ዳር ላይ አውጥተው ፀሀይ የሚያስመቱት አለምክንያት አይደለም፣ ውሃ የያዘ ደንገል ከተሸመነ በኋላ ይኮማተርና ድሩ ላልቶ ይቀራል። ጥጥ ደግሞ እንደ ሱፍ ቀለም ቶሎ አይዝም፣ የሽንኩርት ልጣጩን ሸብ (ቀለም የሚያሲዘውን ማዕድን) ሳታስገቢ ከነከርሽው መታጠብ አይችልም፣ እና ካንቺ የገዛውን ሰው ፀሀይ በሚመታው መስኮት ፊት ለፊት እንዳይሰቅለው ንገሪው።

አሁን ቤት እንግባ። ባለቤትሽ «ምን ተገኘ» ያለው ክፉ ስለሆነ አይመስለኝም፣ አስተማሪ ነው፣ ውጤት ይፈልጋል፣ ደግሞ ያየው ነገር ማታ ማታ የምትጠፊበትን ክፍል ብቻ ነው። አንድ እሁድ ይዘሽው አውራ አምባ ሂዱ፣ ወረታ አጠገብ ናት፣ ደርሶ መልስ ይቻላል። ዙምራ ኑሩ በ1964 አካባቢ የጀመሯት ማህበረሰብ ናት፣ እዛ ሴቶቹ ይሸምናሉ ወንዶቹ ይፈትላሉ፣ አንቺን ጉድ ያለሽ ሰፈር ከሁለት ሰአት መንገድ ያነሰ ርቀት ላይ ያለ ነገር ነው ጉድ ያለው። ባልሽ መጥቶ እንዝርት ያንሳ አልልሽም፣ ግን ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ትንሿን ቁርስ አብልቶ ቢሄድ አይሞትም፣ ይሄን ደግሞ ለምነሽ ሳይሆን ተነጋግራችሁ ነው።

አማትሽን ግን በጣም ነው ያሰብኳቸው። ዝም ብለው ያዩኛል አልሽ። እህቴ፣ እሳቸው ምን እያዩ እንደሆነ ጠይቀሻቸዋል? በዚህ አገር በሳቸው እድሜ ያለች ሴት ፈትል የማታውቅ ትኖራለች ብዬ አላስብም፣ ምናልባት እያዩ ያሉት የክርሽን ቅጥነት ነው፣ ምናልባት «ይቺ ልጅ ከየት ነው ይሄን የተበጣጠሰ ፈትል የምትገዛው» እያሉ ነው። ጥጥና እንዝርት ገዝተሽ ስጫቸውና ይፍተሉልሽ፣ በነፃ ግን አይደለም፣ ገበያ ላይ ለፈታይ የምትከፍይውን ለሳቸውም ክፈይ፣ በእጃቸው፣ ልጃቸው እያየ። ትንሿንም ከሳቸው ጋ አስቀምጫት፣ ለሷም ካርቶን ጥርስ ጥርስ አርገሽ ቆርጠሽ የተረፈ ክር ስጫት፣ የራሷ እቃ ይኑራት። መቀሱን ቁምሳጥን ላይ።

ጥያቄ፦

እኔ ወንድ ነኝ፣ ዘጌ አካባቢ ነው የምንኖረው። ባለቤቴ ስፌት ትሰፋለች፣ መሶብ፣ ሙዳይ፣ ሰፌድ፣ ባህር ዳር ወስደን ጥሩ እንሸጣለን፣ ገንዘቡን አልጠላም። ግን አንዴ ከተቀመጠች አትነሳም፣ ራት ይረሳል፣ መስከረም ላይ ደግሞ ጭራሽ ከቤት ትጠፋለች። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦

ወንድሜ፣ መስከረም ላይ የምትጠፋው ስንደዶ የሚለቀምበት ጊዜ ስለሆነ ነው፣ አክርማውም እንደዛው፣ ያን ጊዜ ያልተሰበሰበ ሳር አመቱን ሙሉ ከገበያ ነው የሚገዛው፣ ትርፋችሁም እዛው ያልቃል። አብረሃት ውጣ፣ ሁለት ሆናችሁ ቶሎ ትጨርሳላችሁ። ራቱን በተመለከተ፣ ሽሮ ግማሽ ሰአት አይፈጅም፣ ሽንኩርቱን ስትከትፍ ልጣጩን እንዳትጥለው፣ ከላይ የፃፈችዋ እህታችን ካንተ ትገዛዋለች።