ካች ያልያዘው 500 እና ሁለቴ የተቆረጠው ክፍያ

ጥያቄ፦ ለአንድ ሱቅ ድረ ገጽ በሰርቨር በኩል የሚሠራውን ኮድ በኖድ ጽፌያለሁ። ክፍያውን ወደ ክፍያ አገልግሎቱ የምልከው በፌች (በኢንተርኔት ጥያቄ በሚልከው ትእዛዝ) ሲሆን ሁሉንም በትራይና ካች (ስህተት ሲወረወር በሚይዘው የኮድ ክፍል) ሸፍኜዋለሁ። አገልግሎቱ ሲታወክ ግን ካች የሚያሳየኝ ጄሰኑ (መረጃው የሚላክበት የጽሑፍ ቅርጽ) አልተነበበም የሚል ስህተት ብቻ ነው። በዚያ ላይ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ሦስት ጊዜ እንዲሞክር ስላደረግኩት አንድ ደንበኛ ከሒሳቡ ሁለቴ ተቆረጠበት። ምኑ ጋ ነው የተሳሳትኩት?
አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ችግሮቹ ሁለት ናቸው። ሁለተኛው ገንዘብ ስለሚነካ ይብሳል፤ ነገር ግን ኮድዎ ምን ዓይነት ስህተት እንደገጠመው ሳያውቅ ድጋሚ ይላክ አይላክ ብሎ መወሰን ስለማይችል ከመጀመሪያው እንነሳ።

ፌች ወደ ካች የሚወረውርዎ መልስ ሳይመጣ ሲቀር ነው፦ አድራሻው ሲጠፋ፣ ግንኙነቱ ሲቋረጥ፣ የጊዜ ገደቡ ሲያልቅ። 404 (የተጠየቀው አልተገኘም) ወይም 500 (ሰርቨሩ ውስጥ ስህተት አለ) ግን የደረሰ መልስ ነው፤ ለፌች ሁሉም ደህና ነው። ኮድዎ ዝም ብሎ ያልፍና ቦዲውን (የመልሱን ዋና ይዘት) እንደ ጄሰን ለማንበብ ይሞክራል። 502ን (ከኋላ ካለው ሰርቨር ትክክለኛ መልስ አልመጣም የሚለውን) አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው አገልግሎቱ ራሱ ሳይሆን ከፊቱ የቆመው፣ እንደ ኤንጂንኤክስ ያለ ፕሮክሲ (ጥያቄ አስተላላፊ ሰርቨር) ነው፤ የሚልከውም የኤችቲኤምኤል ገጽ ነው። በስህተት መልእክቱ ውስጥ «<» የምትል ምልክት ካዩ የዚያ ገጽ የመጀመሪያ ፊደል ናት።

መፍትሔው፣ መልሱ እንደመጣ «ኦኬ» የሚለውን መስክ ማየት ነው። እውነት የሚሆነው ከ200 እስከ 299 ላሉ ቁጥሮች ብቻ ነው። ሐሰት ከሆነ ቦዲውን መጀመሪያ እንደ ተራ ጽሑፍ ያንብቡት። ቦዲ የሚነበበው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ እንደ ጄሰን ሞክረው ካልሆነ በኋላ ወደ ጽሑፍ ልመለስ ቢሉ ይከለከላሉ። ጽሑፉን ከያዙ በኋላ የይዘቱን ዓይነት የሚናገረው የኮንቴንት ታይፕ ሄደር (ከመልሱ ጋር የሚመጣ መግለጫ) ጄሰን ነው ካለ ይተርጉሙት፤ ካላለ ቁጥሩንና የጽሑፉን የመጀመሪያ 500 ፊደላት ሎግ ላይ ያስቀምጡ። የካርድ ቁጥርና ቶክን (የመግቢያ ማረጋገጫ ኮድ) ግን ሎግ ውስጥ ፈጽሞ እንዳይገቡ።

(በፓይተን የሚሠሩ አንባቢዎችም ያስተውሉ፦ ሪኩዌስትስ የተባለው ላይብረሪም ካልጠየቁት በቀር በ500 ስህተት አይወረውርም፤ የጊዜ ገደብም ካልሰጡት የለውም።)

አሁን ወደ ድጋሚ ሙከራው። 400 እና 422 ጥያቄዎ ራሱ ተሳስቷል ማለት ነው፤ ሺህ ጊዜ ቢልኩትም መልሱ ያው ነው። 401 ከሆነ ቶክኑን አድሰው አንዴ ብቻ ይሞክሩ። 429 እና 503 ቆይተህ ተመለስ ይላሉ፤ ብዙ ጊዜም የመቆያው ልክ ሪትራይ አፍተር በሚባለው ሄደር ውስጥ አለ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሰናከላል። ሄደሩ የሰከንድ ቁጥር ወይም ሙሉ ቀንና ሰዓት ሊሆን ይችላል። ቀኑን በቀጥታ ወደ ቁጥር ከቀየሩት «ቁጥር አይደለም» የሚል ዋጋ ይወጣል፤ የኖድ ሴትታይምአውት ደግሞ ይህን እንደ 1 ሚሊሰከንድ ይቆጥረዋል። ቆይ የተባለው ኮድ ሰርቨሩን መደብደብ ይጀምራል ማለት ነው። ስለዚህ ሁለቱንም ዓይነት ያስተናግዱ። ሄደሩ ከሌለ 1፣ 2፣ 4 ሰከንድ እያሉ ይጠብቁ፤ ጠያቂዎች ሁሉ በአንድ ቅጽበት እንዳይመለሱም በእያንዳንዱ ላይ ትንሽ የዘፈቀደ ጊዜ ይጨምሩ።

ደንበኛውን የጎዳው ግን የጊዜ ገደብ ማለፍ ወይም የመስመር መቋረጥ ነው። መልስ አልመጣም ማለት ክፍያው አልተፈጸመም ማለት አይደለም። ጥያቄው ደርሶ፣ ገንዘቡ ተቆርጦ፣ መልሱ መንገድ ላይ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። እርስዎ በበኩልዎ ጥያቄውን ቢሰርዙትም ሰርቨሩ የጀመረውን ሊጨርስ ይችላል። 504ም፣ ማለትም ፕሮክሲው የጠበቀው መልስ በጊዜው ሳይመጣ ሲቀር፣ እንዲሁ ነው። ጌት (ማንበቢያ)፣ ፑት (መተኪያ) እና ዲሊት (ማጥፊያ) የተባሉት የጥያቄ ዓይነቶች በኤችቲቲፒ ደንብ ቢደገሙም ውጤታቸው እንደ አንድ ጊዜ ሊሆን ይገባል፤ ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ የሚላክበት ፖስት ግን ይህ ዋስትና የለውም።

ስለዚህ አገልግሎቱ አይደምፖተንሲ ኪ የሚባለውን መለያ (አንድ ክፍያ ተደግሞ ቢላክ ያው መሆኑን የሚያሳውቅ) ይቀበል እንደሆነ ሰነዱን ይዩ። ከተቀበለ፣ ደንበኛው «ክፈል» ሲል አንድ መለያ ይፍጠሩ፣ ከትእዛዙ ጋር ዳታቤዝ ውስጥ ያስቀምጡ፣ በሦስቱም ሙከራዎች ያንኑ ይላኩ። መለያውን በሙከራው ሉፕ ውስጥ መፍጠር ተደጋጋሚ ስህተት ነው፤ እያንዳንዱ ሙከራ አዲስ መለያ ስለሚይዝ አገልግሎቱ ሦስት የተለያዩ ክፍያዎች አድርጎ ያያቸዋል። መለያ የማይቀበል ከሆነ ክፍያውን ደግመው አይላኩ። በትእዛዝ ቁጥሩ የክፍያውን ሁኔታ ይጠይቁ፤ እስኪታወቅ ድረስ ለደንበኛው «ክፍያዎ እየተጣራ ነው» ይበሉት እንጂ «አልተሳካም» አይበሉት።

ማስተካከያውን ለመፈተን፣ ክፍያውን መዝግቦ መልስ ሳይሰጥ ግንኙነቱን የሚዘጋ ትንሽ የሙከራ ሰርቨር በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ያስነሱ፤ አንድ መለያ ሁለቴ ሲመጣበትም የመጀመሪያውን ውጤት እንዲመልስ ያድርጉት። ኮድዎ ሁለት ጊዜ ልኮ መዝገቡ ላይ አንድ ክፍያ ብቻ መገኘት አለበት።