ጃንጥራርነት ይወረሳል ወይስ ይሾሙበታል?

አንድ የደሴ አንባቢ የቤተሰባቸውን የትውልድ ሐረግ እየጻፉ ነው። «ቅድመ አያቴ የአምባሰልን ጃንጥራርነት ከአባታቸው ወረሱ» ብለው ቢያስነብቡ (ጃንጥራር የአምባሰል ገዢ ማዕረግ ነው)፣ አንድ ሽማግሌ «ማዕረግ ይሾሙበታል እንጂ አይወረስም» ብለው አረሟቸው። የቱ ነው ልክ?

ሽማግሌው ግማሹን ልክ ናቸው። ራስ፣ ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ ሹመት ናቸው። የራስ ልጅ ራስ ሆኖ አይወለድም። የእናንተኑ ንጉሥ ሚካኤልን እንመልከት። አባታቸው የወረሂመኖ ኢማም ነበሩ። ራስነትን ግን ከአባታቸው አላገኙትም፤ የሰጧቸው አፄ ዮሐንስ ናቸው። ንግሥናውማ ጭራሽ የተገላቢጦሽ ነው። በ1906 ዓ.ም. ያነገሷቸው የገዛ ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ናቸው። እዚህ ላይ ማን ማንን ወረሰ እንበል?

(«ወረሂመኖ»፣ «ወረኢሉ»፣ «ወረባቦ» ላይ ያለውን «ወረ» ከ«ወረሰ» የሚያገናኙ ሰዎች አጋጥመውኛል። አይገናኝም። የኦሮምኛው «ወራ» ነው፤ ቤተሰብ፣ ወገን ማለት።)

ጃንጥራርና የዋግ ገዢ ማዕረግ የሆነው ዋግሹም ግን ሌላ ጉዳይ ናቸው። አንዱ ከአምባሰል፣ ሌላው ከዋግ አገርና አጥንት ጋር የተጣበቀ ነው። ከሌላ ቤት የመጣ ሰው ደጃዝማች ቢባል ማንም አይገረምም፤ ዋግሹም ቢባል ግን አገር ይስቃል። ያም ሆኖ ከወንድማማቾቹ የትኛው እንደሚቀመጥ የንጉሠ ነገሥቱ ቃል ነበረበት። ስለዚህ አጥንትም ሹመትም ያስፈልጋል። ድሮ «መሳፍንትና መኳንንት» ሲባል ልዩነቱ ይኸው ነበር፤ መስፍን በዘሩ፣ መኰንን በሹመቱ። ዛሬ መኮንን ሲባል ወታደር ነው የሚታሰበን። እሺ፣ ይሁን።

ወደ «ወረሰ» ግስ ልመለስ። «ርስት» የ«ወረሰ» ልጅ ነው። «ልደት» ከ«ወለደ»፣ «ርደት» ከ«ወረደ» ሲወጣ «ወ» እንደምትወድቅ ሁሉ እዚህም ወድቃለች። እኔ «ወረሰ»ን ከርስት መለየት የማልወደው ለዚህ ነው። ርስትን ወንድምና እህት ይካፈሉታል። ጃንጥራርነትን ማን ይካፈለዋል? አንዱ ይቀመጣል፣ ሌሎቹ ያኮርፋሉ።

«ማዕረግ ወረሰ ማለት ከፈረንጅ የመጣ አነጋገር ነው» የሚሉ አሉ። ሐሳባቸው ለእኔ ቢመችም ማስረጃው ውሸት ነው። ማቴዎስ 25 ላይ «መንግሥት ውረሱ» ተብሏል፤ በግዕዙም «ትረሱ መንግሥተ» ነው። መንግሥት ከተወረሰ ማዕረግ የማይወረስበት ምክንያት የለም። «አልጋ ወራሽስ?» የሚለኝም አይጠፋም። የሚወረሰው አልጋው ነው፤ ንጉሠ ነገሥትነቱ የሚመጣው ሲቀቡ ነው እላለሁ። መልሴ ጠበብ ያለ መሆኑ ይገባኛል፤ ግን አልለቀውም።

ደግሞ 1967 ዓ.ም. መጣና ግሱን አበላሸብን። የካቲት ላይ የገጠሩ መሬት፣ ሐምሌ ላይ የከተማው ትርፍ ቤት «ተወረሰ»። ከዚያ ወዲህ «የተወረሰ ቤት» ሲባል ከአባት የተገኘ ቤት ማን ትዝ ይለዋል? መንግሥት የነጠቀው ነው። «ማዕረጉ ተወረሰ» ብለው ቢጽፉ የልጅ ልጆችዎ «ደርግ ቀማቸው» ብለው ያነቡታል።

ሕዝቡ «ማዕረግ ወረሰ» ብሏል፤ እንግዲህ እኔ ብጮህ አይመለስም። የእርስዎም ዐረፍተ ነገር ስሕተት አይደለም። እኔን ከጠየቁኝ ግን «ከአባታቸው ቀጥለው የአምባሰል ጃንጥራር ሆኑ» ይበሉ። ማን እንደሾማቸው ካወቁ እሱንም ይጨምሩበት፤ ሽማግሌው የፈለጉት ይህን ይመስለኛል።