ከድግሱ ቆሻሻ ትልቁ ፈርሱ ነው

ወንድሜ፣ ከደብረ ሲና የጻፍከውን ጥያቄ አየሁት። «ጥር 12 ታቦቱ ከገባ በኋላ ሰፈራችን ለ600 ሰው ያህል ምሳ ያበላል፤ ሁለት በሬ ይታረዳል። አምና ሜዳው በፌስታልና በሃይላንድ ተሞልቶ አፈርን። ዘንድሮ ቆሻሻውን መቀነስና ትራፊውን ኮምፖስት ማድረግ ይቻላል? የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩን» ብለሃል።

ሞክረናል። ደብረ ብርሃን፣ በእድራችን። ዘንድሮ አራተኛ ዓመታችን ነው። እኔ የወጥ ቤቱ ኃላፊ ነኝ። የመጀመሪያውን ዓመት አበላሽተነዋልና ከእሱ ልጀምር።

ሁለት በርሜል ገዛን። አንዱን አረንጓዴ፣ አንዱን ቀይ ቀባን። «የሚበሰብስ»፣ «የማይበሰብስ» ብለን ጻፍንበት። በቃ ጨረስን መሰለን። ሰው ግን ድግስ ላይ በርሜል አያነብም። ማታ ስንገለብጠው አረንጓዴው ውስጥ ፌስታል፣ ቆርኪ፣ የልጅ ጫማ ሳይቀር አገኘን። መልቀሙ ሲታክተን ሥጋውንም አጥንቱንም እንጀራውንም አንድ ላይ ጓሮ ቀበርነው። ሌሊት ጅብ መጥቶ ቆፈረው። ሲነጋ ፌስታሉ በየአጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። የጎረቤት ላም ወጥ የነካውን ፌስታል ስታኝክ ደርሰን ከአፏ ነጠቅናት። ባለቤቷ ያሉንን እዚህ አልጽፈውም።

በሁለተኛው ዓመት ቀለሙን ትተን ሰው አቆምን። ለውጡ የመጣው ከዚያ ነው። ሁለት ልጆች ሳህን መመለሻው ጋ ቆሙ። እንግዳው ሳህኑን ይሰጣቸዋል፤ እነሱ ያራግፋሉ። እንግዳ ራሱ እንዲለይ አትጠብቁ። መመለሻው አንድ ቦታ ብቻ ይሁን። በየጥጉ ባልዲ ካስቀመጣችሁ ሰው አይበቃችሁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሰው ስለ ኮምፖስት ሲያስብ እንጀራና የሽንኩርት ልጣጭ ነው የሚታየው። በሬ የሚታረድበት ድግስ ላይ ግን ትልቁ ቆሻሻ ፈርሱ ነው። እኛ ከሁለት በሬ ሦስት ጆንያ አውጥተናል። ዱሮ ቦይ ውስጥ ነበር የሚደፋው፤ ሳምንቱን ሙሉ መንገዱ ይገማል። ፈርስ ማለት በሬው አኝኮ፣ አድቅቆ፣ ሆዱ ውስጥ ግማሽ መንገድ ያደረሰው ሣር ነው። የሚያበሰብሱት ረቂቅ ሕዋሳትም አብረውት አሉ። ለብስባሽ እንደ እርሾ ነው።

ለእኛ አገር ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። የግብርና ባለሙያ ሲያስተምር «እበት ጨምሩበት» ይላል። ልክ ነው። ግን እዚህ እበት ኩበት ነው፣ ማገዶ ነው። ከአንዲት እናት እበት ስጪኝ ማለት እንጨትሽን ስጪኝ ማለት ነው። ፈርስ ማንም አያነድም። ስለዚህ እበቱን ለባለቤቱ ትተን ፈርሱን ወሰድን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መሬቱ ላይ ጭራሮ ነገር ታነጥፋለህ፣ አየር ከሥር እንዲገባ። ከዚያ የገብስ ወይም የባቄላ ገለባ ስንዝር ያህል። ከላይ ፈርስ በስሱ። ልጣጩንና የእንጀራ ፍርፋሪውን በተን። ትንሽ አፈር። እንደገና ገለባ። በመጠን ከሆነ ለአንድ ባልዲ እርጥብ ሁለት ወይም ሦስት ባልዲ ደረቅ ነው። የሚገማው ሁልጊዜ እርጥቡ ሲበዛ ነው። የድንኳኑን ቄጤማም እንዳትጥሉት፤ ጉዝጓዙ ራሱ ለክምሩ ይሆናል። ቆርኪና ክብሪት ስለሚደበቅበት ግን መጀመሪያ አራግፉት።

ስፋቱ ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ ቢያንስ ሜትር ይሁን። ትንሽ ክምር በእኛ ብርድ አይሞቅም። ጥር ላይ ሌሊቱን ታውቀዋለህ። እኛ በገለባና በአሮጌ ጆንያ እናለብሰዋለን። ጆንያው «ማዳበሪያ» የምንለው ነው፤ ማዳበሪያ በማዳበሪያ ተሸፍኖ ይሠራል ማለት ነው።

መሀሉ ላይ ረጅም ዱላ ሰክታችሁ ተዉት። በየሳምንቱ ንቀልና ጨብጠው። ሞቆ ወዝቶ ከወጣ ደህና ነው። ደረቅና ቀዝቃዛ ከሆነ ውኃ ይፈልጋል። እርጥብ፣ ቀዝቃዛና የሚሸት ከሆነ ገልብጡት፣ ገለባ ጨምሩ። እኛ በየወሩ እንገለብጣለን። በጥር የከመርነው ሰኔ ላይ ደረሰልን፤ አምስት ወር መሆኑ ነው። ሸዋ ሮቢት ያለችው እህቴ በሦስት ወር ታወጣለች፣ ግን ሙቀቱ ስለሚያደርቀው ጉድጓድ ውስጥ አድርጋ ውኃ ታጠጣለች። እናንተ ከጣርማበር ግርጌ ስለሆናችሁ በመካከል ትሆናላችሁ ብዬ እገምታለሁ። ክረምት ከመጣ ጉድጓድ ውኃ ይይዛል፤ ያኔ ከመሬት በላይ መከመር ይሻላል።

የማይገባውን በአጭሩ፦ ሥጋ፣ አጥንት፣ ደም አይገባም። ጅቡን አስታውስ። ቅባትና ጨው የበዛበት ወጥም አይገባም። የባሕር ዛፍ ቅጠልና የጽድ ቅርንጫፍ ለመበስበስ ዘመን ይፈጃሉ። አመድ በስሱ ይነስነስ፤ ሲበዛ ሽንት ሽንት ይሸታል፤ ያ ሽታ የማዳበሪያው ጉልበት ወደ ሰማይ ሲሄድ ነው። የወረቀት ኩባያም እንዳያታልላችሁ። ውስጡ በስስ ፕላስቲክ የተለበጠ ነው። ሶፍት ይበሰብሳል።

አተላውንም ክምሩ ላይ አትድፉ። አተላ የከብት ነው፤ ቀድሞ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። የእኛ ደንብ እንዲህ ነው፤ እጅ ያልነካው ለሰው፣ ለከብት የሚሆነው ለከብት፣ ሌላው ለክምሩ። ያልተነካ እንጀራ የተረፈ እንደሆነ የቆሎ ተማሪዎቹ አሉ፤ የቀረው በማግስቱ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ድርቆሽ ይሆናል።

ስለ ሳህን ብዙ ተጨቃጭቀናል። የሚጣል ሳህን ቀላል ነው፣ አልክድም። ሜዳውን የሚሞላው ግን እሱና ፌስታሉ ነው። የእድሩ ሳህንና ብርጭቆ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሣጥን ውስጥ ተኝቷል። አውጡት ስል መጀመሪያ የተቃወሙት ሴቶቹ ናቸው። እውነት አላቸው። በጥር ብርድ 600 ሳህን የሚያጥበው ማን ነው? ወንዶቹ «አካባቢ ይጠበቅ» ብለው ተናግረው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ስለዚህ እጠባውን ለጎረምሶቹ ሰጠን። በጎላ ድስት ውኃ ይፈላል፤ ሦስት ሳፋ ይደረደራል፤ አንዱ መንከሪያ፣ አንዱ በላርጎ፣ አንዱ ማለቅለቂያ። ስምንት ጎረምሳ ይበቃል። መጀመሪያ አፈሩ፤ አሁን ስፒከር ይዘው መጥተው ዘፈን እየሰሙ ያጥባሉ።

ውኃም ቢሆን ሮቶ ወይም ቧንቧ ያለው በርሜል አስቀምጣችሁ በብርጭቆ ስጡ። ሃይላንድ ይዞ የሚመጣ ሰው አይቀርም። ለእሱ ለብቻው ጆንያ ይኑር። እንደምታውቀው እኛ ጋ ሃይላንድ ዕቃ ነው፤ ዘይት ይቀዳበታል፣ ጋዝ ይቀዳበታል፤ የተረፈውን ቆራሌው ይወስዳል። ወጥ የነካውን ግን ማንም አይፈልገውም፤ የመለየቱ ትርጉም እዚህ ላይ ነው። ፌስታል ይዘው ለሚመጡት ደግሞ በ2017 የጸደቀው አዋጅ ፌስታልን እንደከለከለ ንገሯቸው። ሕግ ሲባል ሰው ትንሽ ይሰማል። ትንሽ ነው ያልኩት። እኛ ጋ የተጣለው ክረምት ሲመጣ በሬሳ ወንዝ ይገባል፤ በሬሳ ወደ ጀማ፣ ጀማ ወደ ዓባይ። የእናንተው በዚያኛው ተዳፋት ወርዶ ወደ አዋሽ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ አቀራረቡ። ከኮሮና ወዲህ ሰፈራችን ትሪውን ትቶ በየሳህኑ ሆነ፤ ትራፊውም በዛ። አንድ ሙሉ እንጀራ ዘርግተህ አራት ዓይነት ወጥ ካፈሰስክበት ግማሹ ይመለሳል። ግማሽ እንጀራ አድርጉት። «ድግሱ ጎደለ» እንዳይባል እንጀራና ወጥ ይዞ የሚዞር ሰው መድቡ፤ «ይጨመርልዎ፣ በሞቴ» የሚል፣ አፉ የሚጣፍጥ። እኛ ይህን ሥራ ለአንዲት አክስታችን ሰጠናቸው። እሳቸው ለምነውት እንቢ ያለ እንግዳ የለም፤ ከሳህን የሚመለሰው ግን በግማሽ ቀነሰ፤ በባልዲ ቆጥሬዋለሁ።

መኪና ይመጣል ብለው ቃል ቢገቡላችሁም አትመኩ። እኛን ሁለት ዓመት «ነገ እንልካለን» ተብለን ቀርተናል። የማይበሰብሰውን የምታስቀምጡበት የተዘጋ ቦታ ቀድማችሁ አዘጋጁ።

ሁሉንም በአንድ ዓመት መሥራት ካቃታችሁ ሳህኑንና ፈርሱን ያዙ፤ ሌላው ለከርሞ ይደር። በሬውን የሚያርደው ማን እንደሆነ ዛሬውኑ ጠይቅና ሦስት ባዶ ጆንያ አድርስለት። በዕለቱ ከነገርከው ረፍዷል፤ ቢላዋውን ሳይጠርግ ቦይ ውስጥ ደፍቶት ታገኘዋለህ።