ጠይቁን፦ ከጨረሩ በፊት የትኛው ምርመራ ይቅደም?

ጥያቄ፦ እናቴ 54 ዓመቷ ነው። የትልቁ አንጀቷ መጨረሻ ላይ ካንሰር እንዳለ በባዮፕሲ ታውቋል፤ ወደ ሌላ አካል አልተዛመተም። ጥቁር አንበሳ የጨረር ወረፋ እየጠበቅን ነው። ወንድሜ ግን «ጨረሩ ይሠራላት እንደሆነ አስቀድሞ የሚናገር የጂን ምርመራ ውጭ አገር አለ፤ ተዋጥተን ናሙናዋን እንላክ» ይላል። ይጠቅማታል? (ሰ.፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ብዙ ጂኖችን አንድ ላይ አይቶ የጨረርን ውጤት ለመተንበይ የሚሞክር ምርመራ በምርምር ደረጃ ሞልቷል። ነገር ግን አንድ ቦታ የሠራው ሌላ ቦታ ሲደገም ውጤቱ ስለሚዋዥቅ ሐኪም ሕክምና የሚወስንበት አልሆነም። ገንዘባችሁን እዚያ ላይ አታፍስሱት።

ከጨረሩ በፊት የግድ መታወቅ ያለበት የኤም.ኤም.አር ምርመራ ነው። ሴል ሲባዛ የዲ.ኤን.ኤ ቅጂ ላይ የሚፈጠረውን ስህተት የሚያርሙ አራት ፕሮቲኖች አሉ፦ ኤም.ኤል.ኤች 1፣ ፒ.ኤም.ኤስ 2፣ ኤም.ኤስ.ኤች 2 እና ኤም.ኤስ.ኤች 6። ይህ እርማት ሲጓደል ስህተቱ ይከማቻል፤ ዕጢውም ለሰውነት መከላከያ ባዕድ ሆኖ ይጋለጣል። በ2022 ከኒው ዮርኩ ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ በወጣው ጥናት፣ ይህ ጉድለት ያለባቸው 12 ሕሙማን የሰውነትን መከላከያ በዕጢው ላይ የሚያነሣሣውን ዶስታርሊማብ የተባለ መድኃኒት በየ3 ሳምንቱ ለ6 ወር ወስደው የሁሉም ዕጢ ጠፋ። ሪፖርቱ እስከወጣበት ጊዜ ድረስ ጨረርም ቀዶ ሕክምናም ያስፈለገው አልነበረም። በተለመደው ጨረርና ኬሞ ዕጢው ሙሉ በሙሉ የሚጠፋው ከአምስት ሰው በአንዱ ቢሆን ነው። ቶሎ ተስፋ እንዳታደርጉ ግን፣ ጉድለቱ የሚገኘው ከ100 ሕሙማን ከ10 ባነሱት ላይ ነው፤ መድኃኒቱም እጅግ ውድ ነው።

ምርመራው ሌላ ናሙና አይጠይቅም። የባዮፕሲው ሥጋ በፓራፊን (ሰም) ተቀብሮ ብሎክ ሆኖ ፓቶሎጂ ክፍል ተቀምጧል። ሌላ ላቦራቶሪ የሚሠራው ከሆነ ብሎኩን ሙሉውን ከማስረከብ ቀለም ያልነካቸው ስላይዶች (መስታወት ላይ የሚለጠፉ ስስ ቁራጮች) አስቆርጡ፤ ለአራቱ ፕሮቲኖች አራት፣ ለመጠባበቂያም ጥቂት። ተቆርጠው ሳምንታት የቆዩ ስላይዶች ቀለም የመያዝ አቅማቸው ስለሚደክም በሚላኩበት ሰሞን ይቆረጡ። ናሙናው እንደተወሰደ ሥጋን ከመበስበስ በሚጠብቀው 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ከ6 እስከ 72 ሰዓት መቆየት ነበረበት። ካነሰ ቀለሙ ይዥጎረጎራል፤ በጣም ከበዛ ዲ.ኤን.ኤው ይበጣጠሳል።

ውጤቱ ሲመጣ «ሎስት» (ፕሮቲኑ ጠፍቷል) የሚል ካለ ወዲያው አትደንግጡ። ዕጢው አጠገብ ያሉ ጤነኛ ሴሎች ኒውክለሳቸው (የሴሉ እምብርት) ፕሮቲኑ መኖሩን የሚያሳየውን ቡናማ ቀለም ይዟል ወይ ብላችሁ ፓቶሎጂስቱን ጠይቁ። እነሱም ካልያዙ የከሸፈው ምርመራው ነውና ይደገም። ከጨረር በኋላ በተወሰደ ሥጋ ላይ ደግሞ ኤም.ኤስ.ኤች 6 የጠፋ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ የፊተኛው ብሎክ የሚፈለገው ለዚህ ጭምር ነው።

ጉድለቱ እርግጠኛ ከሆነ ለካንሰር የሚያጋልጠውና በዘር የሚተላለፈው ሊንች ሲንድረም ሊሆን ስለሚችል በደም ይጣራል። ከተረጋገጠ እርስዎም ወንድምዎም እያንዳንዳችሁ የመውረስ ዕድላችሁ 50 በመቶ ነው፤ መመርመር አለባችሁ። ኬ-ራስ፣ ኤን-ራስና ቢ-ራፍ የሚባሉት የዕጢ ጂን ምርመራዎች በዋናነት የሚያስፈልጉት ካንሰሩ ሲዛመት ነው፤ ለእናትዎ አሁን አይቸኩሉም። ውጤት እስኪደርስ ታዲያ የጨረር ወረፋውን እንዳትለቁ!

ጥያቄ፦ አባቴ ኬፕሳይታቢን የተባለውን የካንሰር ኪኒን በጀመረ በሳምንቱ አፉ ቆሰለ፣ ተቅማጥም ያዘው። ከዘር ጋር ይያያዛል? (ከልደታ)

መልስ፦ ሊያያዝ ይችላል። ቀጣዩን ኪኒን ሳይውጡ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ይውሰዷቸው፤ ትኩሳት ካላቸው በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። መድኃኒቱን ሰባብሮ የሚያስወግደው ዲ.ፒ.ዲ የተባለ ኢንዛይም ነው። ዲ.ፒ.ዋይ.ዲ በተባለው ጂን ለውጥ ሳቢያ ኢንዛይሙ ያነሰበት ሰው የተለመደው መጠን ይመርዘዋል። ተለምዶ የሚመረመሩት አራት የጂን ለውጦች የተለዩት በዋናነት አውሮፓውያን ላይ ሲሆን፣ በአፍሪካውያን ዘሮች ላይ የታወቀው 557 ኤ>ጂ የተባለው ለውጥ ከአራቱ ውስጥ የለም። ስለዚህ የአራቱ ውጤት «ነጻ» ቢልም ምልክቱ ከቀጠለ መጠኑን መቀነስ ወይም መድኃኒቱን ማቆም የሐኪሙ ውሳኔ ነው። ስንት ጊዜ እንዳስቀመጣቸውና ምን ያህል ኪኒን እንደቀረ ጽፈው ይያዙ፤ መጀመሪያ የሚጠየቁት እሱን ነው።