የእርሱን ቆጠራ የማረጋግጠው እኔ ነኝ

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

ዕድሜዬ 28 ነው። ጅማ ውስጥ ቡና እየገዛና እያዘጋጀ ወደ አዲስ አበባ በሚልክ አንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት ስሠራ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ዘንድሮ ጥቅምት ላይ፣ እሸት ቡና መግባት ሲጀምር፣ አዲስ የመጋዘን ኃላፊ ተቀጠረ። በኅዳርና በታኅሣሥ መኪኖች ከገጠር የሚደርሱት አመሻሽ ላይ በመሆኑ፣ እርሱ ሚዛኑ ዘንድ እኔ መዝገቡ ዘንድ ሆነን እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት የምንቆይባቸው ቀናት ብዙ ነበሩ፤ ፍቅራችንም የተጀመረው እዚያው በጆንያ መካከል ነው። አሁን 8 ወር ሆኖናል። ረጋ ያለና ሰው አክባሪ ነው፤ ከመስቀል በኋላ ሽማግሌ ወደ ቤተሰቦቼ እንደሚልክም ቃል ገብቶልኛል።

ግንኙነታችንን መሥሪያ ቤት ውስጥ ማንም እንዳያውቅ ግን አጥብቆ ይፈልጋል። ምክንያቱን ስጠይቀው «ቢታወቅ የምትባረሪው አንቺ ነሽ፤ ሁልጊዜ የሚሰናበተው ሴቷ ነች» ይለኛል። ስለዚህ ጠዋት አጂፕ ላይ ብንገናኝም በተለያየ ባጃጅ እንሳፈራለን፤ እርሱ ቀድሞ ይገባል፣ እኔ ከአምስት ደቂቃ በኋላ እደርሳለሁ። ባለፈው ሳምንት እንደ አባቴ የማያቸው የበሩ ጥበቃ፣ ምንም ሳልጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ እሱ ገብቷል» አሉኝ። ያን ቀን ሥራ መሥራት አልቻልኩም።

እንቅልፍ የነሣኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በሰኔ መጨረሻ በተደረገው ቆጠራ ከአንድ ሎት (አብሮ ከተመዘገበ አንድ ክምችት) የተቀሸረ ቡና በቢን ካርዱ፣ ማለትም የመጋዘኑ ገቢና ወጪ በሚጻፍበት ካርድ፣ ላይ 200 ጆንያ መኖር ሲገባው 196 ብቻ ተገኘ። እያንዳንዱ ጆንያ 60 ኪሎ ነው። እርሱም «የእርጥበት ቅናሽ ነው፤ ቡና ሲቀመጥ መድረቁ የታወቀ ነው፤ አሁን ፈርሚልኝ፣ በሚቀጥለው ወር አስተካክለዋለሁ» አለኝ፤ እኔም «ቆጠራው ከካርዱ ጋር ይስማማል» በሚለው ጽሑፍ ሥር ፈረምኩ። ሐምሌ አለፈ፤ የተስተካከለ ነገር የለም። በዚህ መካከል የሒሳብ ክፍል ኃላፊያችን ሊለቁ ስለሆነ፣ ሥራ አስኪያጁ ቦታውን ለእኔ እንዳሰቡት ነግረውኛል። ለሥራ አስኪያጁ ልናገር ወይስ ዝም ልበል? አንዳችን ሥራውን መልቀቅ አለብን? በሕግስ በዚህ ፍቅር ምክንያት ሊያባርሩኝ ይችላሉ?

የተጨነቀችው፣ ከጅማ

ውድ እኅቴ፣

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ቀላሉ እርሱ ነውና። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሁለት ሠራተኞች እንዳይዋደዱ የሚከለክል አንቀጽ የለውም፤ እንዲያውም በአንቀጽ 26 ጾታና የጋብቻ ሁኔታ ለስንብት በቂ ምክንያት እንደማይሆኑ ደንግጓል። ስለዚህ «የሚሰናበተው ሴቷ ነች» የሚለው አባባል በሕጉ ውስጥ ቦታ የለውም፤ በወሬው በኩል ግን፣ ልደብቅሽ አልችልም፣ በየጓዳው ስሟ የሚነሣው የሴቷ ነው። ድርጅታችሁ በውስጥ የሥራ ደንቡ የቅርብ ግንኙነት ያላቸው ሠራተኞች ጉዳዩን እንዲያሳውቁ፣ ወይም አንዱ የሌላውን ሥራ እንዳይቆጣጠር ደንግጎ ሊሆን ስለሚችል፣ ስትቀጠሪ የተሰጠሽን ውልና ደንብ ዛሬውኑ አውጥተሽ አንብቢ። ይኸው አዋጅ በአንቀጽ 27 ደግሞ ሠራተኛ በሥራው ላይ የሚፈጽመውን የማታለል ወይም የማጭበርበር ተግባር፣ እንደ ጥፋቱ ክብደት፣ ያለማስጠንቀቂያ ሊያሰናብቱ ከሚችሉ ምክንያቶች መካከል አስፍሮታል። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ሁለተኛው አንቀጽ ነው።

ወደ አራቱ ጆንያዎች ልመለስ። ቡና መጋዘን ውስጥ ሲቆይ እርጥበት ሊቀንስ መቻሉ እውነት ነው፤ በሰኔ፣ ጅማ ላይ ዝናቡ በበረታበት ወር፣ እንዲያ መድረቁ ግን ለእኔ ትንሽ ይከብደኛል፤ ክረምት ላይ ቡና እርጥበት መሳብም ያውቅበታል። ይሁን፣ ደረቀ እንበል። 200 ጆንያ በ60 ኪሎ ሲባዛ 12,000 ኪሎ ነው፤ እርጥበቱ ከ12.5 በመቶ ወደ 11.5 በመቶ ቢወርድ የሚጎድለው ክብደት ወደ 136 ኪሎ ይጠጋል፤ ይህን ከእኔ ይልቅ አንቺ በፍጥነት ታሰይዋለሽ። ነገር ግን ቡናው በመድረቁ ጆንያው ይቀልላል እንጂ ከተደረደረበት ተነሥቶ አይሄድም፤ በቆጠራው ማግኘት የነበረባችሁ 200 ቀለል ያሉ ጆንያዎችን ነበር። ቁጥሩ ሊያንስ የሚችለው ቡናው ተገልብጦ፣ እንደገና በ60 ኪሎ እየተመዘነ ከተሞላ ነው፤ እንደዚያ ተደርጎ ቢሆን እንኳ የጠቀስኩት ቅናሽ የሚያጎድለው ሁለት ጆንያና ጥቂት ኪሎ ነው፣ አራት አይሞላም።

ወዳጅሽ ወሰደው አላልኩም። አራቱ ጆንያዎች ከሌላ ሎት ጋር ተሳስተው ተጭነው፣ ወይም የወጪ ሰነድ ሳይቆረጥላቸው በጥድፊያ ወጥተው ሊሆን ይችላል፤ በመጋዘን ሥራ ይህ ያጋጥማል። ያሳሰበኝ አንቺ ይህን ሁሉ እያወቅሽ አለመጠየቅሽ ነው። ሌላ የመጋዘን ኃላፊ ቢሆን ኖሮ «ቡናው ተገልብጧል ወይ? የእርጥበት መለኪያው ንባብ የት አለ? የሚዛኑ ወረቀትስ?» ሳትዪ እስክሪብቶ አታነሺም ነበር። ዕቃ የሚይዘውና መዝገብ የሚይዘው ሰው የተለያዩ እንዲሆኑ የሚደረገው አንዱ ሌላውን እንዲጠይቅ ነው፤ የምትወጂውን ሰው ፊት ለፊት ቆመሽ «አላምንህም፣ አሳየኝ» ማለት ግን የቤት ጠብ ሆኖ ይታይሻል። ሁለታችሁም ጨዋ ብትሆኑ እንኳ ያ ጥያቄ በመካከላችሁ ቀርቷል፤ ደመወዝ የሚከፈልሽ ደግሞ ለዚያ ጥያቄ ነው።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ለእርሱ ንገሪው፤ ከጀርባው የሠራሽው እንዳይመስለው። ፊርማሽን ልታርሚ እንደሆነና ሎቱ እንደገና እንዲቆጠር ልትጠይቂ እንደሆነ ብቻ አስታውቂው፤ ፈቃዱን አትጠይቂ። ቢቆጣ፣ ቢለማመጥ ወይም «ብትወጂኝ ኖሮ» ብሎ ቢጀምር፣ ከሽማግሌው በፊት ማወቅ የሚገባሽን ነገር አወቅሽ ማለት ነው። በማግሥቱ ለሥራ አስኪያጁ አጭር ደብዳቤ ጻፊ፦ በሰኔው ቆጠራ 196 ጆንያ ተገኝቶ ሳለ ይስማማል ብለሽ መፈረምሽን፣ ስሕተቱ የአንቺ መሆኑንና ቆጠራው እንዲደገም መጠየቅሽን። በዚያው ደብዳቤ ላይ «ከመጋዘን ኃላፊው ጋር የግል ግንኙነት ስላለን የመጋዘኑን ሰነዶች ሌላ የሒሳብ ሠራተኛ እንዲያረጋግጥ እጠይቃለሁ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨምሪ። መቼ ተጀመረ፣ የት ተገናኛችሁ የሚለውን ማንም ቢጠይቅሽ የመመለስ ግዴታ የለብሽም። ተግሣጽ ሊደርስብሽ ይችላል፤ ሆኖም ራስሽ ያረምሽውና ሌላ ሰው ያገኘብሽ ጥፋት በአንድ ዓይን አይታዩም።

ስለ ምስጢሩ ብዙ አልልም። የበሩ ጥበቃ ካወቁ ድርጅቱ አውቋል፤ የማያውቁት ሥራ አስኪያጁ ብቻ ናቸው፣ እርሳቸውም ቢሆኑ እንጃ። የምትሸሽጉት ነገር ለሌላው ሁሉ ግልጽ ሆኖ ሳለ፣ ነገ የጆንያው ጉዳይ ቢነሣ ሁሉም ሰው ሁለቱን አንድ ላይ አያይዞ ይተረጉመዋል።

አንዳችሁ ትልቀቁ ወይ ላልሽው፣ ለጊዜው አያስፈልግም ባይ ነኝ፤ የፊርማው መስመር ከተለየ በአንድ ግቢ መሥራት ይቻላል። ብትለያዩ ምን እንደሚሆን ግን አስቀድመሽ አስቢበት። እኔ በወጣትነቴ በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ባልደረቦቻችን ተለያይተው፣ የከሰዓቱ ቡና ለወራት በሁለት ረከቦት ይፈላ ነበር፤ የማን ስኒ ጋ እንደተቀመጥሽ የሚቆጥሩ ሰዎችም አልጠፉም። የጅማ የቡና ንግድ ደግሞ ጠባብ ነው፤ ከዚህ ድርጅት ወጥተሽ ሄርማታ ያለው ሌላ መጋዘን ብትቀጠሪ፣ ታሪኩ ቀድሞሽ ደርሶ ይጠብቅሻል።

ዕድገቱን በተመለከተ፣ ደብዳቤውን ሳታስገቢ እሺ እንዳትዪ። የክፍል ኃላፊ ከሆንሽ የእርሱን ሰነድ ሌላ ሰው ቢያረጋግጠው እንኳ፣ የዚያ ሰው አለቃ አንቺ ስለምትሆኚ የመጋዘኑ ሒሳብ በቀጥታ ለሥራ አስኪያጁ እንዲቀርብ አብረሽ ጠይቂ። ይህን ሰምተው ቦታውን ለሌላ ቢሰጡት ያማል፤ ቢሆንም ቦታውን ወስደሽ በሚቀጥለው ሰኔ ከኦዲተር ፊት ከመቆም ይሻልሻል። ደብዳቤውን ስታስገቢ ቀን አስጽፈሽ፣ ግልባጩ ላይ የተቀባዩን ፊርማ ተቀብለሽ ቤትሽ አስቀምጪው።