ቲ-55ኤ በ1/35፦ ጠይቁ፣ ጋሽ ሞረድ ይመልሳሉ

ጋሽ ሞረድ፦ የዛሬው የሶቪየቱ ታንክ የቲ-55ኤ የፕላስቲክ ሞዴል ነው፣ በ1/35፣ ማለትም ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያነሰ። ከሞዴል አምራቾቹ የታሚያም ይሁን የሚኒአርት ወይም የታኮም ሳጥን የያዛችሁ ጠይቁ፣ ሥራው ያው ነው። ምን ደረጃ ላይ እንደደረሳችሁ፣ ምን ሙጫና ምን ቀለም እንደያዛችሁ ጻፉልኝ። «አልሆነልኝም» ብቻ ብሎ ለሚጽፍ መልስ የለኝም። እንደ ሁልጊዜውም፦ መጀመሪያ በደረቁ ግጠሙ፣ ሙጫው ኋላ ይደርሳል።

ጀማሪው፦ ጋሼ ሰላም ነው? ሳጥኑን ዛሬ ከፈትኩት። ከምን ልጀምር?

ጋሽ ሞረድ፦ ከእጥበት። ክፍሎቹን ከነፍሬማቸው (ከተያያዙበት የፕላስቲክ ዘንግ ጋር) ለብ ባለ ውሃና በሁለት ጠብታ የዕቃ ሳሙና እጠባቸው። ከሻጋታው የቀረ ቅባት አለባቸው፣ ካልታጠበ ቀለም አይዝም። ስትቆርጥ ከክፍሉ 1 ሚሊ ሜትር ያህል ርቀህ ቁረጥ፣ ትርፉን በካተር ላጠው፣ ከዚያ ብርጭቆ ወረቀት 400 ቁጥር፣ 600፣ መጨረሻ 1000። ተጠግተህ ከቆረጥክ ፕላስቲኩ ነጭ ይልና ይጎደጉዳል። ከመመሪያው ወረቀት የምትወጣው በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፓራፋንጎ ያለበትን የላይኛውን ገላ ሰንሰለቱን ሳትሞክር እንዳትለጥፈው።

ቸርኬ፦ ጎማዎቹን ለጠፍኩ፣ አሁን ታንኩ እንደ አሮጌ ወንበር ይወዛወዛል። በቀኝ በኩል ሁለተኛውና አራተኛው መሬት አይነኩም።

ጋሽ ሞረድ፦ ጎማዎቹን የሚይዙትን ክንዶች በደረቁ አልሞከርክማ። ቶሎ በሚደርቀው ቀጭን ሙጫ ስለለጠፍካቸው ነው። ክንዶቹን በወፍራም ሙጫ ለጥፍ፣ ጎማዎቹን ሳታጣብቅ ሰካ፣ ታንኩን መስታወት ላይ አስቀምጥ፣ ከላይ መጽሐፍ ጫንበትና እስከ ነገ ተወው። ከዚያ ስስ ወረቀት በየጎማው ሥር ግፋ፤ የሚያልፍበት ጎማ መሬት አልነካም ማለት ነው። ለአሁኑ ሁለቱን ክንዶች በካተር ነቅለህ እንደገና ጀምር። እውነተኛው ታንክ 36 ቶን ነው፤ አንድ ጎማው አየር ላይ ከተንሳፈፈ ተመልካቹ ፕላስቲክ መሆኑን በመጀመሪያው እይታ ያውቃል።

ወረንጦ፦ ስለ ሰንሰለቱ ይንገሩን። የኔ ነጠላ ነጠላው ነው፣ እያንዳንዱ ተለጥፎ የሚሠራ።

ጋሽ ሞረድ፦ ይኼን ስጠብቅ ነበር። በቲ-55 ላይ ሰንሰለት ከተበላሸ የቀረው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው። ይህ ታንክ ሰንሰለቱን ከላይ የሚሸከሙ ትንንሽ ጎማዎች የሉትም። አምስት ትልልቅ ጎማዎች ብቻ ናቸው፣ ሰንሰለቱ እነሱ ላይ ይተኛል። ነጂው ጥርስ፣ ማለትም ሰንሰለቱን የሚያዞረው ባለጥርስ ጎማ፣ ደግሞ ከኋላ ነው። ወደፊት ሲሄድ ጥርሱ ሰንሰለቱን ከመሬት ይስበዋል፤ ስለዚህ ከመጨረሻው ጎማ እስከ ጥርሱ ያለው ይወጠራል፣ የላይኛው ይረግባል። ወደኋላ ሲሄድ ተቃራኒው ነው። እንደ አሜሪካኑ ሸርማን ጥርሱ ከፊት የሆነ ታንክ ወደፊት ሲሄድ የላይኛው ይወጠራል። የሸርማን ሰንሰለት አይቶ ቲ-55 ላይ የሚገለብጥ ሰው ታንኩን ሳያውቀው ወደኋላ እያስነዳው ነው።

አሁን አሠራሩ። በአንድ ጎን 90 ያህል ቁራጭ አለ። ስፋቱ በእውነተኛው 580 ሚሊ ሜትር ነው፣ በ1/35 ወደ 16.6 ይሆናል፤ የተተኪ ሰንሰለት ስትገዙ በማስመሪያ ለኩት። ቁራጮቹን ማስመሪያ ተደግፋችሁ በቀጥታ መስመር በፕላስተር ላይ ደርድሩ፣ መገጣጠሚያቸውን በወፍራም ሙጫ ንኩ። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ጠብቁ። እንደ ማስቲካ ሲተጣጠፍና ሳይበጠስ ሲቀር ጊዜው ደርሷል። በጎማዎቹ ዙሪያ ጠቅልሉት፣ መጋጠሚያውን ከታች በኩል አድርጉት። ከላይ በጣት ጫፍ ጫን እያደረጋችሁ በጎማዎቹ ላይ አስተኙት፣ በፓራፋንጎውና በሰንሰለቱ መካከል ስፖንጅ ወትፉ፣ ለአንድ ሌሊት ተዉት። ጥርሱንና የፊተኛውን ጎማ በገላው ላይ አትለጥፏቸው፤ ሲደርቅ ሰንሰለቱ ከነጎማው ተንሸራቶ ይወጣላችኋል፣ ለብቻው ትቀቡታላችሁ።

ሙጫው ውሃ እንደሆነ ከጠቀለላችሁት ይበታተናል፤ አንድ ሰዓት ከቆያችሁ ይሰበራል። መካከሏን ያዙ።

ብሎን 35፦ የኔ ሳጥን ውስጥ ያለው እንደ ላስቲክ ቀበቶ የሆነው ነው። አይረግብም።

ጋሽ ሞረድ፦ ከጎማዎቹ በላይ፣ በፓራፋንጎው ጥላ ውስጥ፣ ገላውን በ0.5 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ ብሱ። የመርፌ ቁራጭ ሰክታችሁ ሰንሰለቱን ከላይ ወደታች እንዲጫነው አድርጉ። ከውጭ አይታይም። አንድ ነገር ግን አትርሱ፦ አንዳንዱ የላስቲክ ሰንሰለት በዓመታት ውስጥ የሚነካውን ፕላስቲክ ጎማ ያቀልጣል። ያልተቀባ ላስቲክ ካልተቀባ ጎማ ጋር አይገናኝ።

ቲ-62 ወዳጅ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ቃሉ ግን ካቴና አይደለም እንዴ? «ሰንሰለት» የውሻ ነው።

ወረንጦ፦ ካቴና የብስክሌትና የእስረኛ ነው። የዶዘር ኦፕሬተሮችን ጠይቅ፣ ቼይን ነው የሚሉት።

ቲ-62 ወዳጅ፦ ቼይን እንግሊዝኛ ነው።

ወረንጦ፦ ካቴናስ ጣሊያንኛ አይደለም? ፓራፋንጎና ማርሚታ እያልክ መጣህና...

ጋሽ ሞረድ፦ ካቴናም በሉት ቼይን፣ ብቻ ይርገብ! ቀጣይ።

ብሩሿ፦ ጋሼ፣ የቱሬቱ (መድፉን የሚሸከመው የላይኛው ክፍል) ፕላስቲክ በጣም ልሙጥ ነው። በፎቶ ላይ የማየው ግን ሸካራ ነው።

ጋሽ ሞረድ፦ ጎሽ፣ ይኼ ዓይን ያለው ሰው ጥያቄ ነው። የቲ-55 ቱሬት በሻጋታ የፈሰሰ ብረት ነው፣ ቆዳው የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል። ገላው ግን ጠፍጣፋ ላሜራ ተበይዶ የተሠራ ስለሆነ ልሙጥ ነው። ሁለቱን አንድ ዓይነት አታድርጊ።

ሚስተር ሰርፌሰር 500 የሚባለው ወፍራም የመሠረት ቀለም ካለሽ ቀጥታ ከጠርሙሱ ተጠቀሚ። ጠጉሩ ያጠረ አሮጌ ብሩሽ ያዢ፣ ትንሽ ቦታ ቀቢና ሳይደርቅ በብሩሹ ጫፍ ቀጥ አድርገሽ ደጋግመሽ ውጊው። የሁለት ጣት ያህል ቦታ ጨርሰሽ ወደሚቀጥለው እለፊ። ሰርፌሰር ከሌለሽ ቀጭኑን የፕላስቲክ ሙጫ ቀቢና በዚያው ብሩሽ ውጊው፤ ፕላስቲኩ ራሱ ይሸክራል። ነገር ግን ደጋግመሽ እዚያው ቦታ አትመለሺ፣ ይቦካል። ከ24 ሰዓት በኋላ በ600 ብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርገሽ እለፊበት፤ አናቱ ተስተካክሎ ጉድጓዱ ይቀራል። የምትፈልጊው እሱን ነው። በ1/35 አንድ ሚሊ ሜትር ጉብታ በእውነቱ 3.5 ሴንቲ ሜትር ነው። ጆሮ ደግፍ የያዘው አታስመስይው።

ለብየዳ መስመሩ የፍሬሙን ፕላስቲክ ሻማ ላይ አሙቀሽ እንደ ክር ሳቢ፣ መገጣጠሚያው ላይ አስተኚ፣ ቀጭን ሙጫ አጠጪ፣ ሲለሰልስ በካተሩ ጀርባ እየተጫንሽ ሸንትሪው።

የድሬ ልጅ፦ የካራማራን ታንክ መሥራት እፈልጋለሁ። ምን ቀለም ነው?

ጋሽ ሞረድ፦ መጀመሪያ የማንን? በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ቲ-55 በሁለቱም ወገን ነበረ። የሶማሊያም ጦር ቀድሞ ከሶቪየት ወስዶ ነበር። በኛ በኩል ደግሞ ከአሜሪካኖቹ ኤም-41ና ኤም-47 ጋር ጎን ለጎን ነው የተሰለፈው። ስለዚህ አንድ ታንክ፣ አንድ ፎቶ ምረጥ፣ እሱን ብቻ ተከተል። ከሦስት ፎቶ እየቀነጨቡ የሚሠሩት ሞዴል የትም ያልነበረ ታንክ ነው።

መሠረቱ የሶቪየት አረንጓዴ ነው። በታሚያ ኦሊቭ ግሪን ከሚባለው ኤክስ ኤፍ-58 ሦስት እጅ፣ ዳርክ የሎው ከሚባለው ኤክስ ኤፍ-60 አንድ እጅ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው አቧራው ላይ ነው። የዚያ ዘመን ባለቀለም ፎቶ በቆይታ ብዛት ወደ ቀይ ይሄዳል፤ እሱን አይቶ ታንኩን በርበሬ የነሰነሰበት ሞልቷል። ቡናማ ላይ ግራጫና ጥቂት ቀይ ጨምር፣ በዚሁ ይበቃሃል።

ቲ-62 ወዳጅ፦ በዚያ ጦርነት ፎቶ ላይ ያየሁት ግን ቲ-54 ነው፣ ቲ-55 አይደለም።

የድሬ ልጅ፦ በምን ለየኸው?

ቲ-62 ወዳጅ፦ በቅርጹ።

ጋሽ ሞረድ፦ በቅርጹ አይለይም፣ መንታ ናቸው። በቱሬቱ ጣሪያ ላይ እንደ ተደፋ ሲኒ ጉብ ያለች የአየር ማስወጫ ክዳን ካለች ቲ-54 ነው፤ ቲ-55 ላይ ተነሥታለች። በግንባሩ ላሜራ መሃል የመትረየስ ቀዳዳ ካለ ቲ-55ኤ አይደለም። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጎማ መካከል ሰፊ ክፍተት ካለ የቲ-54/55 ቤተሰብ ነው፤ ክፍተቱ ከኋላ በኩል ከሆነ ያንተው ቲ-62 ነው። ከአፈሙዙ ጫፍ ላይ የጭስ ማስወገጃው እብጠት ካለ 100 ሚሊ ሜትሩ መድፍ ነው፤ በቲ-62 ላይ ወደኋላ ገባ ይላል። አሁን ፎቶህን እንደገና እየው።

ቲ-62 ወዳጅ፦ ፎቶው ብዥ ያለ ነው።

ጋሽ ሞረድ፦ እንግዲያው አትማል።

ስልቨር ስፕሪንግ፦ በክረምት ወደ አዲስ አበባ ስመጣ ለወንድሜ ቀለም ላምጣ ወይ?

ጋሽ ሞረድ፦ የስፕሬይ ቆርቆሮ፣ ቲነርና ላከር አውሮፕላን ላይ አይጫንም፣ ተቀጣጣይ ነው። እንደ ቫሌሆ ያለ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ይሻላል፤ ለማንኛውም የአየር መንገዱን ደንብ አስቀድመህ አንብብ። ቦታ ካለህ ከቀለም ይልቅ 0.2 መርፌ ያለው ኤርብራሽ (ቀለም መርጫ) እና ጥሩ ወረንጦ አምጣለት። አልኮል ከፋርማሲ ይገኛል፤ ለታሚያ አክሪሊክ ማቅጠኛ ይሆናል።

ጀማሪው፦ ቅልቅሉ ስንት በስንት ነው?

ጋሽ ሞረድ፦ ለኤርብራሽ 1 እጅ ቀለም፣ 1 ተኩል ማቅጠኛ፣ ኮምፕረሰሩ ከ1 እስከ 1.2 ባር። ወተት በብርጭቆ ግድግዳ ላይ ሲወርድ የሚመስል ውፍረት ይኑረው። አዲስ አበባ በበጋ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቀለሙ መርፌው ጫፍ ላይ እየደረቀ ይተፋብሃል፤ ሁለት ጠብታ የቀለም ማድረቂያ ጊዜ ማዘግያ ጨምር፣ ጫፉን አልኮል በነካ ጥጥ ጥረግ። ጭንብል አድርግ፣ መስኮት ክፈት።

ዱባይ ማዶ፦ እዚህ ተቃራኒው ነው። ላከር ስረጭ ነጭ ጉም ያወጣል።

ጋሽ ሞረድ፦ እርጥበቱ ነው። ማቀዝቀዣው ባለበት ክፍል ሥራ።

ብሎን 35፦ ቡናማ ማጠቢያ ቀለም (ስንጥቁን የሚያጠቁረውን ቀጭን ቀለም) አፍስሼበት ክንዶቹ ተሰበሩ! ሳልነካቸው!

ጋሽ ሞረድ፦ አኳራጁን አበዛኸው። ዘይት ቀለም የሚቀጥንበት ፈሳሽ ቀለም ያልሸፈነው ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ሲቆይ፣ ውጥረት ያለበትን ፕላስቲክ ይሰነጥቃል። ክንድ ደግሞ ሁሌም ውጥረት አለበት። ከታችም በውስጥም በፕራይመር (በመሠረት ቀለም) ይሸፈን፣ ሽታ የሌለውን ዓይነት ተጠቀም፣ አታጥለቅልቅ፤ በቀጭን ብሩሽ በብሎኑና በመገጣጠሚያው ዙሪያ ብቻ ንካ። ቅደም ተከተሉን ልጻፈው፦ ፕራይመር፣ አክሪሊክ፣ የሚያብረቀርቅ ሽፋን፣ ተለጣፊ ቁጥር፣ እንደገና ሽፋን፣ ማጠቢያ፣ ፈዛዛ ሽፋን፣ መጨረሻ አቧራ። በየመካከሉ 24 ሰዓት። ኢናሜል (በአኳራጅ የሚቀጥን ቀለም) ላይ ኢናሜል ካጠብክ ሥረኛው ይነሣል።

ብሩሿ፦ የተፋቀውንና የዛገውን በብር ቀለም ልሥራው?

ጋሽ ሞረድ፦ አይ። ስፖንጅ ቀደድ አድርገሽ ጥቁር ቡናማ ንኪ፣ ወረቀት ላይ ጨርሺው፣ ከዚያ ሰው በሚወጣበት ጠርዝና በክዳኖቹ አፍ ላይ ብቻ። የሚያበራ ብረት ያለው ሰንሰለቱ ከመሬትና ከጎማ በሚፋተግበት ነው፤ እዚያ የእርሳስ ዱቄት በጣት ሹት። ማርሚታው በግራ ፓራፋንጎ ላይ ነው፣ ጥላሸቱ በግራ ይሁን። በሁለቱም ጎን ጥላሸት የሚቀባ አለ።

ወረንጦ፦ ከመድፉ አጠገብ ያለው ፓውዛ መስታወቱ ምን ዓይነት ይሁን?

ጋሽ ሞረድ፦ ኢንፍራሬድ (ዓይን የማያየው ብርሃን) ነው፣ መስታወቱ ጥቁር ነው። የመኪና መብራት አታስመስለው። ሌሎቹን ጥርት ያሉ መስታወቶች በነጭ ኮላ ለጥፍ፤ ሱፐር ግሉ ጉም ያለብሳቸዋል።

ቸርኬ፦ ሞተሩንና የውስጡን ልሥራ?

ጋሽ ሞረድ፦ ክዳኑን የምትከፍት ከሆነ ሥራ።

ስልቨር ስፕሪንግ፦ ወታደሮቹንስ እንዴት ልቀባ?

ጋሽ ሞረድ፦ ሰው መቀባት የኔ መስክ አይደለም። ብሩሿን ጠይቃት።

ጀማሪው፦ ጋሼ፣ አሁን ሙጫው አልያዘልኝም።

ጋሽ ሞረድ፦ የትኛው ሙጫ? የትኛው ክፍል? የናስ ላሜራ ከሆነ የፕላስቲክ ሙጫ ብረት አያቀልጥም፣ ሱፐር ግሉ ነው። የተቀባ ፕላስቲክ ከሆነ ቀለሙን ፍቀህ ለጥፍ።

ጀማሪው፦ የላይኛው ገላ ነው። አልዘጋ ብሎኝ ነው፣ ሰንሰለቱ ፓራፋንጎውን ይነካል።

ጋሽ ሞረድ፦ በደረቁ ሞክረኸዋል?

ጀማሪው፦ አሁን ልሞክረው።